ጌሾውን ከአጥሩ እንጂ ከጆንያው አታምጡ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ በተለይ ለከተራ ጠላ የምትጠምቁ እናቶችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ!

የተጠራነው ለሥራ ድልድል ነው፤ እሱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የቀረውን ጊዜ ለጌሾ ስጡኝ።

ያለፈው ዓመት ጠላ ለምን እንደጎመዘዘ ሁላችንም እናውቃለን። ብቅሉ ደህና ነበር። ጉዱ ተወቅጦ በጆንያ የመጣው ጌሾ ነው። የሻገተውም፣ ያረጀውም፣ ጌሾ ያልሆነውም አንዴ ከተወቀጠ ያው አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ ማን ይለየዋል? ያልተወቀጠው ቅጠል ግን ራሱን ይናገራል፦ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ጥቃቅን ጥርስ አለው፣ ሲያኝኩት ምሬቱ ምላስ ላይ ይቆያል።

ደግሞስ ጌሾ ከአጥራችንና ከወንዙ ዳር ጠፍቶ ነው? አልጠፋም፤ እኛው እያጠፋነው ነው። ማጭድ ይዞ ከሥሩ የሚጨፈጭፍ አለ። ለአንድ ጋን ጠላ ብሎ የዓመታት ቁጥቋጦ መግደል ምን የሚሉት ነው! የጠናውን ቅጠል ከየቅርንጫፉ ልቀሙ፣ ለጋውን ተዉት። ጠላው ውስጥ ለሚገባው የጌሾ እንጨት የጎን ቅርንጫፍ ይበቃል። ቅጠሉ በእጅ ሲታሽ እስኪንኮሻኮሽ ይድረቅ፤ እርጥቡን በጆንያ ያሰረ ሰው ሻጋታ ነው የሚያገኘው።

የቢራ ፋብሪካ ሆፕ የሐረግ አበባ ነው፣ የኛው የቁጥቋጦ ቅጠልና እንጨት። ሁለቱም መጠጡን ያመርራሉ፣ ከሚያበላሹት ባክቴሪያዎችም ይጠብቁታል። እንግዲህ ጌሾውን ቀንሶ በስኳርና በዳቦ እርሾ ያስፈላ ሰው ጠላ ጠመቅሁ አይበለን!

ልኩ ይህ ነው። ለ40 ሊትር ጋን 1 ኪሎ ጌሾ፣ 2 ኪሎ ብቅል፣ 6 ኪሎ ገብስ፤ ውሃው በጠቅላላ 25 ሊትር ያህል። ከገብሱ 1 ኪሎው ለቂጣ፣ 5ቱ ተቆልቶና ተፈጭቶ ለእንኩሮ፣ ማለትም በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ ለሚበስለው ፍርፍር። የብቅሉ ገብስ አንድ ሌሊት ይዘፍዘፍ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖና ድንጋይ ተጭኖበት 4 ቀን ያህል ይብቀል፣ ከዚያ በፀሐይ ይድረቅ። ይህ ሁሉ ጊዜ ስለሚፈልግ ዝፍዘፋው ከታኅሣሥ 20 እንዳያልፍ።

ጋኑ በግራዋ ታሽቶ ይታጠብ፣ በወይራ ይታጠን። የድሮ አተላ ከሥሩ ከቀረ ጠላው ኮምጣጤ ይሆናል፤ ጢስ አያድነውም።

በገና ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28፣ ጌሾው በ10 ሊትር ውሃ ይዘፍዘፍ። በ3ኛው ቀን ብቅሉና የተቆራረሰው ቂጣ ይግባ፤ ጥንስሱ ይህ ነው። ከ2 ቀን በኋላ እንኩሮውና የጌሾ እንጨቱ ይጨመር። እንኩሮው በደንብ ይቀዝቅዝ! ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል፣ ድፍድፉ (ይህ ሁሉ የተቀላቀለበት) መፍላቱን ያቆማል፣ ከዚያ የሚመጣው መኮምጠጥ ብቻ ነው። ድፍድፉ 5 ቀን ይቆይ፤ ጥር 7 የቀረው ውሃ ይግባና የጋኑ አፍ በጨርቅና በጭቃ ይለሰን። አየር ካገኘ አበቃለት።

ጉሹን (ያልተጣራውን ጠላ) እና ቅራሪውን (አተላው ላይ ውሃ ተጨምሮ የሚወጣውን ቀጭን ጠላ) ለየብቻ አስቀምጡ፤ ይህን እናንተ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ድልድሉ በር ላይ ተለጥፏል። የቅጠል ለቀማው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቁና ይዛችሁ ኑ፤ ማጭዱ እቤት ይቅር።