«ምን አንስተሽ ነው?» አትበሏት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ሼኾቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፤ በዚህ የነፍሰ ጡር እናቶች ጉባኤ ስለ ክትትልና ስለ አመጋገብ እንድናገር ተጠርቻለሁ፤ ይዤው የመጣሁት ጉዳይ ግን አንድ ነው፤ በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ስለሚታይ ደም።

አዋላጅ ነርስ ከመሆኔ በፊት፣ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛው ሳምንት ላይ ሳለሁ፣ ከሐይቅ ገበያ ስመለስ ልብሴ ላይ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ጥቂት ደም አየሁ። ማርገዜን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ሌሊቱን ሙሉ በባትሪ ልብሴን ስፈትሽ አነጋሁ። አማቴ በማግስቱ ሲሰሙ የመጀመሪያ ቃላቸው «ምን አንስተሽ ነው?» የሚል ነበር። እሳቸውስ ጨንቋቸው ነው፤ የሄድኩበት ባለሙያ ግን የደሙን መጠንም ሆነ ሕመሜን ሳይጠይቅ ያንኑ ቃል ደገመው! ያነሳሁት አንድ እንስራ ውኃ ነበር። እሱን እንስራ ሰባት ወር ሙሉ ከልቤ አላወረድኩትም፤ ልጄን በሰላም ተገላግዬ ሳጠባት እንኳ ይከብደኝ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከአራት ነፍሰ ጡሮች አንዷ ገደማ በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ደም ታያለች፤ ጥቂት ነጠብጣብ ብቻ ካዩት አብዛኞቹ ልጃቸውን ታቅፈዋል። ጽንሱ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ ጥቂት ሊደማ ይችላል፤ በእርግዝና ደም የሚበዛበት የማሕፀን በርም ከግንኙነት በኋላ ሊደማ ይችላል። በእነዚህ ወራት ከሚጨነግፉት ጽንሶች ግማሽ ያህሉ በክሮሞዞም፣ ማለትም ዘርን ከወላጅ ወደ ልጅ በሚያስተላልፈው ረቂቅ የሰውነት ክፍል፣ ችግር የሚጨነግፉ ናቸው፤ ክሮሞዞም ደግሞ በእንስራ አይሰበርም! ታዲያ ሴቲቱን በየትኛው ዳኝነት ነው የምንከሳት? እኛ ወሎዎች ለደነገጠ ሁሉ «አብሽር» የምንል ሰዎች ነን፤ ለእሷ ሲሆን ቃሉ የት ይጠፋብናል?

እህቶቼ፣ ደም ካያችሁ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ለአንድ ሰውና ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ሞዴስ አድርጉ፤ ቀለሙንና ሰዓቱን ያዙ፤ ሞዴስ ስትቀይሩ እንጂ በየደቂቃው አትመልከቱ። ከሰባተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የልብ ምቱ በአልትራሳውንድ ይታያል። አልጋ ላይ መዋል ጽንስን ከመጨንገፍ እንደሚያድን አልተረጋገጠም። ሞዴስ በአንድ ሰዓት የሚያርስ ደም፣ በአንድ ጎን የጠና ሕመም፣ የትከሻ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከመጣ ግን ጽንሱ ከማሕፀን ውጭ ሊሆን ስለሚችል ነገ አይባልም። የደም ዓይነታችሁ ኔጌቲቭ ከሆነ ስለ ሾተላይ (የእናትና የጽንስ ደም አለመጣጣም) መከላከያ መርፌ ጠይቁ።

ስለ አመጋገቡ እህታችን ከእኔ የተሻለ ትነግራችኋለች። ደም አይታ ዝም ያለች ካለች ግን፣ ቡናው እስኪፈላ ከኋላው ወንበር ላይ እጠብቃታለሁ።