ጎረቤቱን ጠይቁ

እንደምን አመሻችሁ ወገኖቼ! ባለፈው አንድ አባታችን «ፈረንጅ ዘሩን የት ያውቃል፤ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥረው እኛ ነን» ሲሉ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዛሬ ማይኩ እጄ ስለገባ መልስ ልስጥ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፣ እንዳትደናገሩ።

እዚሁ ሚኒሶታ፣ ዋልነት ግሮቭ የኖሩ ኢንግልስ የሚባሉ ሰፋሪዎች ነበሩ። አባትየው ቻርልስ አናጺ ነው፤ አንድ ቦታ አይበረክትም። ልጁ ላውራ አድጋ የልጅነት ኑሯቸውን ጻፈችና ስሟ ገነነ። ታዲያ ካንሳስ የነበረው ጎጇቸው ከኢንዲፔንደንስ ከተማ 40 ማይል ይርቃል ብላ ነበር። ሰው በዚያ ልክ ቢፈልግ፣ ምንም! አይፈረድባትም፤ ከዚያ ሲወጡ ገና የአራት ዓመት ልጅ ነበረች።

ፍንጩ የተገኘው ከ1870ው የሕዝብ ቆጠራ ነው። የመሬት ዋጋ የሚሞላበት ቦታ ባዶ ነው፤ መሬቱ ኦሴጅ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ስለነበር ሰፋሪዎቹ ባለቤት አልነበሩም። የቻርልስን የመሬት ወረቀት ብትፈልጉ እንግዲህ አታገኙም። ግን ቆጣሪው ከቤት ወደ ቤት እየሄደ በተራ ነበር የሚጽፈው። የአካባቢው ታሪክ አጥኚዎች በ1960ዎቹ ከኢንግልስ በፊትና በኋላ የተጻፉትን አባወራዎች ይዘው፣ እነዚያ ሰዎች በኋላ ያስመዘገቡትን መሬት ካርታ ላይ ሲያስቀምጡት፣ ፍለጋው እየጠበበ ራትላንድ የሚባል ቀበሌ ላይ አረፈ። ከከተማው 13 ማይል ገደማ ብቻ!

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። እዚያው መዝገብ ላይ ዶክተር ጆርጅ ታን የሚባል ጥቁር ሐኪም አለ። ላውራ ቤተሰቡ በወባ ሲወድቅ አከመን ያለችው ሐኪም ልብ ወለድ አልነበረም፤ ጎረቤት ነበር።

መዝገብ ግን ሁሉን አይዝም። የላውራ ወንድም በ1875 ኅዳር ላይ ተወልዶ በማግስቱ ዓመት ነሐሴ፣ ዘጠኝ ወሩ ላይ ሞተ። የፌዴራል ቆጠራው በየአሥር ዓመቱ ስለሆነ 1870ም 1880ም አላገኙትም። የ1890ውን ቆጠራ ደግሞ አትጠይቁኝ፤ በ1921 ዋሽንግተን በተነሳ እሳት ክፉኛ ተጎድቶ፣ ኋላም አብዛኛው ጠፍቷል።

ወደ እኛ ልምጣ። ባል በአባቱ ስም፣ ሚስት በአባቷ ስም፣ ልጆች በአባታቸው ስም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሦስት «የቤተሰብ ስም»! ፊደሉም በላቲን ሲጻፍ አንዱን ተስፋዬ አራት ዓይነት ያደርገዋል። የ2020 ቆጠራ የሰዎች ስም ከ72 ዓመት በኋላ፣ በ2092 ነው የሚከፈተው። ያኔ የልጅ ልጃችሁ «ይሄ ሰው ማነው?» ብላ እንዳትቀር፣ በር ላይ ወረቀት አስቀምጠናል። ስማችሁን በግዕዝም በላቲንም፣ የምትኖሩበትን መንገድ፣ ግራና ቀኝ ያለውንም ጎረቤት ጻፉበት። ቡናውም እዚያው ነው።