«ሜንቴ» ቅጥያ ከመሆኗ በፊት

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። በዛሬው ዝግጅት የማነሣላችሁ ስለ ስፓኒሽ ተውሳከ ግሥ፣ በተለይም «ሜንቴ» ስለምትባለው ቅጥያ ነው።

ደንቡ አጭር ነው፤ ቅጽሉን በአንስታይ ጾታ አስቀምጦ «ሜንቴ»ን መጨመር ነው። «ሌንቶ» ዘገምተኛ ማለት ሲሆን አንስታዩ «ሌንታ» ስለሆነ፣ «በዝግታ» ለማለት «ሌንታሜንቴ» ይባላል። እንደ «ፋሲል»፣ ማለትም «ቀላል»፣ ለሁለቱም ጾታ አንድ መልክ ያላቸው ቅጽሎች ደግሞ ሳይለወጡ «ፋሲልሜንቴ» ይሆናሉ። ለፈተና ይህ ይበቃል። እኔን ግን ሲያሳስበኝ የቆየው፣ አድራጊው ወንድ ሆነም ሴት ቅጽሉ ሁልጊዜ አንስታይ የሚሆንበት ምክንያት ነው።

ምክንያቱ ያለው በላቲን ነው። በላቲን «ሜንስ» የሚባል፣ አእምሮ ወይም ሐሳብ ማለት የሆነ አንስታይ ስም ነበረ፤ «ሜንቴ» የዚሁ ስም አንድ እርባታ ሲሆን የእኛን «በ» የሚመስል ትርጉም ይዟል። እኛ «በረጋ መንፈስ» እንደምንለው ሁሉ የላቲን ተናጋሪዎችም ቅጽልን ከዚህ ስም ጋር ያጣምሩ ነበር፤ ቅጽሉም በጾታ ከስሙ ጋር መስማማት ነበረበት። በዘመናት ውስጥ የአእምሮ ትርጉሙ ደብዝዞ ስሙ ቅጥያ ሆነ፣ አንስታይነቱ ግን ሳይጠፋ ቆየ። የጣልያንኛው «ሜንቴ» እና የፈረንሳይኛው «ማን» የተገኙትም ከዚሁ ስም ነው።

በስፓኒሽ የቀድሞው ስምነት ዛሬም ይታያል። «በግልጽና በእርጋታ» ለማለት ቅጥያው ሁለት ጊዜ አይደገምም፤ «ክላራ ኢ ሴሬናሜንቴ» ተብሎ አንዱ «ሜንቴ» ሁለቱንም ቅጽሎች ያገለግላል። ቃሉ ሲነገርም አንዱ የድምፅ አጽንዖት በቅጽሉ፣ ሌላው በ«ሜንቴ» ላይ ያርፋል። እኔ ከሰዋስዉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ክፍል ነው፤ ምክንያቱን ላወቀ ሰው ደንቡን በቃል መሸምደድ አያስፈልገውም።

ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀርበው ግን ሌላው መንገድ ይመስለኛል። «በጥንቃቄ» ስንል መስተዋድድን ከስም ጋር እንደምናጣምር፣ ስፓኒሽም «ኮን ኩይዳዶ» ይላል፤ ይህ በዕለታዊ ንግግር በጣም የተለመደ ከመሆኑም በላይ «ሜንቴ» የበዛበትን ጽሑፍ ከመክበድ ያድናል። ጥንቃቄ የሚያሻው ስምምነቱ ላይ ነው። እኛ «ቀስ ብላ ሄደች፣ ቀስ ብለው ሄዱ» እያልን መግለጫውን ከአድራጊው ጋር እናስማማለን፤ «ሌንታሜንቴ» ግን ለማንም አይለወጥም። ስለ ሴቶች «ካሚናን ትራንኪላስ»፣ «ተረጋግተው ይሄዳሉ»፣ ሲባል ቃሉ በጾታና በቁጥር የሚስማማው፣ ቅጽል ሆኖ የሴቶቹን ሁኔታ ስለሚገልጽ ነው።