የጣሊያኑን ቤት አናፍርሰው፣ አንቆልፈውም

የሰፈራችን አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፣ እንደምን ዋላችሁ! የእሑድ ቡናችሁን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

ጉዳያችን በደሴ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ግማሹ ሰው የፋሺስት ሥራ ምን ያደርግልናል፣ ይፍረስ ይላል። ግማሹ ደግሞ ቅርስ ነው፣ አጥረን እንቆልፈው ይላል። እኔ በሁለቱም አልስማማም።

ይህ ቤት ስንት ሥራ ቀያይሯል መሰላችሁ! ጣሊያን አዲስ አበባን ከደሴና ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ ሲሠራ ለመንገድ ጠባቂዎቹ ያቆመው ነው። በ1933 ጣሊያን ወጣ፣ ቤቱ ቀረ። በ1943 አውራ ጎዳና ሲቋቋም የአካፋና የዶማ ማስቀመጫ ሆነ። ደርግ ሲመጣ ቀበሌ ገባበት፤ ስኳር በኩፖን የተሸጠበት፣ ማታ ማታ እናቶቻችን በመሠረተ ትምህርት ሀ ሁ የቆጠሩበት፣ አብዮት ጥበቃም ሰው ያሰረበት (ይሄን ምን ያስደብቀናል) ያው አንዱ ክፍል ነው። ዛሬ የዕድራችን ድንኳንና ብረት ድስት አለበት።

ይፍረስ የምትሉ፣ ንዴታችሁ ይገባኛል። የካቲት 12ን ማን ይረሳል? ግን እስቲ ስድስት ኪሎ ሂዱ። ግራዚያኒ ይቀመጥበት የነበረው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ነው። ግቢው ውስጥ ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን በደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ሐውልትም አልፈረሰም፤ ነፃነት ሲመለስ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ጉብ አለበት። እኔ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

እንቆልፈው የምትሉ ደግሞ፣ ቤቱ እስከ ዛሬ የቆመው ሰው ስላልተለየው ነው። ጣሪያው ሲያፈስ የሚጮህ ነበር። ከተቆለፈ ማን ያየዋል?

የእኔ ሐሳብ ድንኳኑና ድስቱ ወደ ጓሮው ክፍል ይግቡ፣ የፊቱ የልጆች ማንበቢያ ይሁን ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አስፋልት ዳር ከባጃጅ ጋር እየተጋፉ ነው የሚያመሹት።

ብቻ አደራ፣ ማንም ተነስቶ ሲሚንቶ እንዳይለጥፍበት። የቆየ የድንጋይ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣና ድንጋዩን ይበላዋል፤ የሚስማማው ኖራ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ደግሞ ቅርስ ያለ ፈቃድ አይጠገንም። ስለዚህ መጀመሪያ ደብዳቤ ነው የሚያስፈልገን። ረቂቁን ይዤ መጥቻለሁ፤ የዕድሩ ማኅተም ነው የቀረው። ክረምቱ ሳይገባ ብናስገባው ጥሩ ነው።

የምትቃወሙ ካላችሁ ማይኩ ይኸው፣ ኑ ተናገሩ።