አምስት ኪሎ

እሺ... ሰላም ነው? ፋኑን አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው «ሄሊኮፕተር ውስጥ ነው እንዴ የምትቀጂው?» ብላችሁ ስለሰደባችሁኝ ዛሬ በላብ ነው የምናወራው። ድሬ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ያለ ፋን። ለእናንተ ስል ነው አቦ።

ስለ ሽንኩርት ላወራ ነው። አትሳቁ።

ቅዳሜ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ያቺው ሴትዮ ጋ። እኛ ቤት ከሌላ ሰው ሽንኩርት አይገዛም፤ የእማዬን ሕግ ታውቃላችሁ። ቁጢጥ ብዬ መምረጥ ጀመርኩ። አንገቱን በአውራ ጣት ጫን ነው የማደርገው። እሱ ከለሰለሰ ውስጡ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። ልጣጩ ላይ የከሰል ዱቄት የመሰለ ጥቁር ነገር ካለበትም አልፈዋለሁ። ሻጋታ ነው፣ የእኛን ዓይነት ሙቀት ይወዳል። ከዚያ «አምስት ኪሎ» አልኳት። የአዲስ አበባ ልጆች፣ ሰፈሩን አይደለም።

ሚዛኑ ላይ አደረገችው። ሞላ። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዝም ብላ እየዘገነች ወደ ክምሩ መመለስ ጀመረች። አንድ እፍኝ። ሌላ እፍኝ። እኔ ደግሞ የተበላሸ አይታ መስሎኝ እጠብቃለሁ።

«ሁለት ኪሎ ይበቃሻል፣ ልጄ» አለችኝ።

በቃ፣ ይኼው ነው። ሌላ ምንም አልወጣትም። ድምፅዋም እኮ ደህና ነበር።

«ምን አገባሽ?» አላልኳትም። ብላት ይሻል ነበር መሰለኝ። ብሩን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩና ተነሳሁ። ሦስት እርምጃ እንኳን አልሄድኩም፣ ከጎኗ ካለችው ልጅ አምስት ኪሎ ገዛሁ። ሳልመርጥ። እያየችኝ። ዋጋም አልተከራከርኩም! በ2016 መግቢያ ኪሎው ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ለግማሽ ኪሎ «መርቂልኝ» ብዬ የተጨቃጨቅኩት እኔ።

መርቂልኝ። ይኼን ቃል አስቡት እስቲ። ሁለት ራስ ሽንኩርት ጣል ማድረግም ምርቃት ነው፣ እጅን ዘርግቶ «እደጊ» ማለትም ምርቃት ነው። እሷ ሳልጠይቃት ነበር የምትመርቅልኝ። ቀንሳ ስትሰጠኝ... ተዉት።

ሽንኩርቱን ፌስታሉን እንኳን ሳልፈታ ወጥ ቤት ጥግ ወረወርኩት። አውቃለሁ እኮ! ታፍኖ ያልበዋል። እማዬ ቅርጫት ላይ ነበር የምትዘረጋው፣ ነፋስ ያለበት ቦታ። ከድንች ጋር ደግሞ በጭራሽ፣ ድንቹ እርጥበት ያመጣበታል። ረቡዕ ቤቱ ሸተተኝ። ከታች ያሉት ውሃ ሆነዋል።

የተረፈውን ልጬ ከተፍኩት። ሁሉንም። ያ ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ትንሹ ቢሆን ኖሮ እስካሁን እየላጥኩ ነበር። ግን ወጥ የሚያወፍረው እሱ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ድስት ጥጄ ያለ ዘይት አቁላላሁት። ዘይት መጀመሪያ የምትጨምሩ ሰዎች፣ ሽንኩርቱ መጀመሪያ የራሱን ውሃ ይጨርስ እንጂ! ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ፣ ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ በርበሬ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆሜ አማሰልኩ። ቁሌቱ ቆንጆ ወጣ። ድስት ሙሉ።

ጭልፋውን ይዤ ቆሜ ነው ለማን እንደሆነ የጠየቅኩት።

ምናልባት ሴትዮዋ ገንዘቤን አስባልኝ ይሆናል። ወይም ሽንኩርቱ እንዳይበላሽብኝ። ወይ ደግሞ ሰው ነግሯቸው... አያችሁ? «ነግሯቸው» አልኩ። የድሬ ልጅ አንቱ አያውቅም ስትሉ ነበር። ፊት ለፊት ግን አልወጣኝም።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሽንኩርት አያስፈልገኝም፣ ፍሪጁ ቁሌት ብቻ ሆኗል። ሎሚ ልግዛ እንዴ? ሎሚ ይሸጣሉ? አላየሁም፣ ሁሌ ሽንኩርቱን ነው የማየው። ወይ በሌላው በር ገብቼ...

ቆይ፣ ፋኑን ላብራው፣ አልቻልኩም።