ክብሪቱን አስቀምጡት፣ እጃቸውን ያዙ
በደሴ በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር

አባቶች፣ እናቶች፣ የዕድራችን አባላት፤ አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም።

ሰብሳቢያችን «ስለ ልብ ጤና ንገሪን» ብለውኛል። ጨውና ስቡን ለሌላ ቀን እናቆየው። ዛሬ የመጣሁት ለክብሪት ነው።

ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። ስም አልጠራም፣ ታውቋቸዋላችሁ። ሚዛኑን እንደያዙ ድንገት ዘፍ ይላሉ። ፊታቸው ይገረጣል፣ እጃቸው ይንዘፈዘፋል። ወዲያው ሰው ይከባል፣ ክብሪት ይጫራል፣ አፍንጫቸው ሥር ይያዛል። ትንሽ ቆይተው ራሳቸው ይነቃሉ፤ ምስጋናው ግን ለክብሪቱ! «የሚጥል በሽታ ነው» ተባለ። ኪኒን ታዘዘ። ኪኒኑን ዋጡ፣ መውደቁ አልቀረም። አንድ ቀን ቤታቸው ቡና ስንጠጣ እጃቸውን ያዝኩና ሰዓቴን እያየሁ ቆጠርኩ። በደቂቃ 34። ደገምኩት። ያው 34። የአዋቂ ልብ እኮ ቁጭ ብሎም ከ60 እስከ 100 ይመታል!

ሃርት ብሎክ ይባላል። ልብ የራሱ ኤሌክትሪክ አለው፤ ትእዛዙ ከላይኛው ክፍል ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ዕድሜ ሲገፋ መስመሩ ይጎዳና ትእዛዙ መሃል ላይ ይቀራል። የታችኛው ክፍል በራሱ ጊዜ ዝግ ብሎ ይመታል። ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ካለ አንጎል ደም ያጣል፤ ሰው የሚወድቀው፣ የሚንዘፈዘፈውም ለዚህ ነው። የሚጥል በሽታ ኪኒን ይህን አያድነውም። ፔስሜከር ያስፈልገዋል፤ ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚተከል፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ባለ ባትሪ ትንሽ መሣሪያ ነው።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ይህን የሚለየው ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለው ማሽን ነው፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ይዘናቸው የሄድንበት ቦታ ማሽኑ አለ። ወረቀት የለም! የሚታተምበት ወረቀት! ለፔስሜከር 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ እንደሚያስፈልግ ይገባኛል። ልጆቻቸውም በሬ ሸጠው ወሰዷቸው። ሰው ለአንድ ጥቅል ወረቀት ይሙት? ቄሱም ሼሁም እዚህ አሉ፣ ይፍረዱኝ!

«ደረቴ ላይ ብረት አልሸከምም» የምትሉም አላችሁ። አብሽሩ። በ1958 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የተተከለለት ስዊድናዊ እስከ 2001 ኖሯል፤ መሣሪያው ከ20 ጊዜ በላይ ተቀይሮለታል። ባትሪው ሲደክም ይቀየራል፣ በቃ። ሞባይል ደረት ኪስ ውስጥ አለመያዝ ነው።

በሉ፣ ሰዓት ያሰራችሁ የጎረቤታችሁን እጅ ያዙ። በሁለት ጣት፣ ከአውራ ጣቱ ሥር። ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ50 በታች ያገኘ እጁን ያውጣ።