አንድ በራድ፣ ሁለት ፈረሶች፣ አንዲት ሐረግ

ሰላም አድማጮች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ አንድ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት ልብ ወለድ ነው፤ የአሜሪካዊው ደራሲ የኩርት ቮንጉት «ስሎተርሃውስ ፋይቭ»። በእኛ አፍ «ቄራ ቁጥር 5» ቢባል ያስኬዳል።

ከሐውልት ልጀምር። ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ የትግላችን ሐውልት አለ። ብዙዎቻችን በታክሲ መስኮት አየት አድርገነው እናልፋለን። ቀረብ ብሎ የግድግዳውን ቅርጾች ያየ ሰው ግን ታሪኩን በተርታ ያነበዋል፤ ረሃቡ፣ አብዮቱ፣ ክተቱ፣ ድሉ። አንዱ ቅርጽ ሌላውን ይወልዳል። የሐውልት ሥራው ይኸው ነው፤ ለጦርነት መነሻና መድረሻ ያበጅለታል። ቮንጉት ደግሞ እነዚያን ቅርጾች ነቅሎ እንደ ካርታ ይበውዛቸዋል።

መጀመሪያ እሱም በተርታ ሊጽፈው ሞክሮ ነበር። ምዕራፍ 1 ላይ ራሱ ይነግረናል። በግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በልጁ የቀለም እርሳስ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ አንድ መስመር አሰመረ። ሰውየው ሲሞት መስመሩ ይቆማል። በአውሮፕላን ድብደባ የነደደችው የጀርመን ከተማ፣ የድሬስደን፣ መቃጠል በወረቀቱ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደ ብርቱካናማ ድርድር ነው፤ በሕይወት የተረፉት መስመሮች በወዲያኛው ወገን ይወጣሉ። የሚያምር ንድፍ ነው። መጽሐፉ ግን በዚያ ንድፍ አልተጻፈም። ጸሐፊው እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ተማርኮ፣ በፌብሩዋሪ 1945 ከተማዋ ስትነድ ከቄራው ሥር ባለ የሥጋ ማከማቻ ውስጥ ሆኖ ተርፎ፣ ከዚያም አስከሬን ሲያወጣ ነበር። መጽሐፉ የወጣው በ1969 ነው። 24 ዓመት የፈጀው መረጃ ጠፍቶ ሳይሆን ቅርጹ ጠፍቶ ነው።

የተገኘው ቅርጽ ምንድን ነው? ዋናው ገጸ ባሕርይ ቢሊ ፒልግሪም፣ እንደ ጸሐፊው ድሬስደን ውስጥ ምርኮኛ የነበረው፣ ከጊዜ ማሰሪያው የተፈታ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ ሌላ ዓመት ውስጥ ነው። እኛ ለዚህ የቆየ ቃል አለን፤ ባነነ። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው ሌሊት ሲባንን ቤተሰቡ ውኃ ይረጭበታል፣ ስሙን ይጠራዋል። ቢሊ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥራ ቦታው ላይ ተቀምጦ ይባንናል፤ ስሙን የሚጠራለት የለም። የሐኪሞቹ የምርመራ መዝገብ «ፒቲኤስዲ» ለሚለው ነገር፣ አሰቃቂ ነገር አይቶ የተረፈን ሰው ለሚከተለው የአእምሮ ጉዳት፣ ስም የሰጠው በ1980 ነው፤ መጽሐፉ 11 ዓመት ቀድሞታል።

አሁን ወደ አነባበቡ። ብዙ አንባቢ 40ኛው ገጽ አካባቢ ይጠፋበትና «የተዘበራረቀ ነው» ብሎ ይተወዋል። አንድ ወረቀት ውሰዱና ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ ዓመቱ፣ ቦታው፣ ምን ነገር ገፍቶ እንዳዘለለው። ሦስተኛው ዓምድ ነው ዋናው። ዝላዩ በዘፈቀደ አይደለም። ምዕራፍ 3 ላይ ሳይረን ይጮህና ቢሊ ክው ይላል፤ እኩለ ቀን መሆኑን የሚያበስር ሳይረን ብቻ ነበር። ምርኮኞቹን የጫነው ባቡር ምልክት ብርቱካናማና ጥቁር ዝንጉርጉር ነው፤ ከዓመታት በኋላ በልጁ ሠርግ የተተከለው ድንኳንም እንደዚያው። በቤቱ ምድር ቤት በባዶ እግሩ ሲቆም እግሩ ሰማያዊና የዝሆን ጥርስ ቀለም ነው ይለናል፤ ያው ቀለም የሬሳ እግር ላይ አለ። ይህን ክር ያልያዘ አንባቢ ቢሊ ተወሰድኩባት የሚላትን፣ ትራልፋማዶር የምትባለዋን ፕላኔት ሲያሳድድ ይውላል። ፕላኔቷ እውነት ናት ወይስ እብደት? ለዚህም ፍንጭ ተቀምጧል፤ ቢሊ ሆስፒታል ተኝቶ ያነበባቸውን የኪልጎር ትራውት፣ ቮንጉት የፈጠረው የሳይንስ ልብ ወለድ ደራሲ፣ መጻሕፍት ልብ በሉ።

ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት ምዕራፍ 8 ነው። የቢሊ 18ኛ የጋብቻ በዓል ላይ አራት ሰዎች ይዘፍናሉ። ቢሊ ፊቱ ይለዋወጣል፤ ምክንያቱን አያውቅም። ፎቅ ወጥቶ ሲያስብ ይመጣለታል፤ በቃጠሎው ማግስት ከሥጋ ማከማቻው ወጥተው ከተማዋን ያዩት አራቱ ጀርመን ጠባቂዎች፣ አፋቸውን ከፍተው ድምፅ ሳያወጡ፣ ልክ እንደ አራቱ ዘፋኞች ነበሩ። እዚህ ጋ ጸሐፊው አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል ያደርጋል፤ ቢሊ በጊዜ አልተጓዘም፣ አስታወሰ። ያን ሁሉ ምዕራፍ ሲዘል የኖረ ሰው እዚህ ያስታውሳል። ድብደባውም ቢሆን ከላይ የግዙፍ ሰው እርምጃ የሚመስል ድምፅ ከመሆን አያልፍም፤ ነበልባል አናይም። በእኛ የጦርነት ጽሑፎች ደም ገጹን ሙሉ ይፈስሳል፤ ፉከራና ሽለላ አሳድጎናልና አይፈረድብንም። ግን ደሙ ሲበዛ አንባቢው ይለምደዋል። ቢሊ በጦርነቱ ያለቀሰው አንዴ ብቻ፣ ለሁለት ፈረሶች ነው። አፋቸው በልጓም ደምቷል፣ ሰኮናቸው ተሰባብሯል፣ ውኃ ጠምቷቸዋል፤ ጋሪው ላይ ተኝቶ አላየም ነበር።

ሐረጓ ላይ ደረስኩ። ሞት በተጠቀሰ ቁጥር ሦስት አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት ይከተላሉ፤ ሶ ኢት ጎዝ፤ ቃል በቃል «እንዲህ ይሄዳል»። ከ100 ጊዜ በላይ ትመለሳለች። እንዴት ወደ አማርኛ ትምጣ? «ነፍስ ይማር» መጀመሪያ ይመጣል፤ አያስኬድም። መጽሐፉ ለተፈጁ ቅማሎች፣ ብርጭቆ ውስጥ ለቆየ ውኃ፣ ጋዙ ለወጣ ሻምፓኝ ጭምር ይላታል፤ ለቅማል ነፍስ ይማር አይባልም። «ምን ይደረግ» ያጽናናል፤ ሐረጓ ደግሞ አታጽናናም። እኔ «ይኸው ነው» እላለሁ። ደረቅ ናት፣ ለወንድም ለሴትም ለብዙም አትለዋወጥም። ዋናው ጥንቃቄ ቃሏን አለመቀየር ነው፤ ለውበት ብሎ አንዴ «እንዲህ ነው»፣ አንዴ «አይ ዕጣ» ያለ ተርጓሚ መጽሐፉን አፍርሶታል።

ከዚህ የከበደ ችግር አለ። አማርኛ ሞትን በማዕረግ ይለያል። ታላቅ ሰው ያርፋል፣ ወታደር ይሠዋል፣ ብዙ ሕዝብ ይረግፋል፣ ከብት ይበክታል። ቮንጉት ግን ጄኔራሉንም ቅማሉንም አንድ ሚዛን ላይ ያስቀምጣል። ስለዚህ በአማርኛው ሁሉም «ሞተ» መባል አለበት፤ ጆሮአችን ቢጎረብጠውም። ጉርብጡ ራሱ ያስፈልጋል።

«ኦሮማይስ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። የበዓሉ ግርማ ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ርዕሱ ከጣልያንኛ በአስመራ በኩል የመጣ ቃል ነው፤ አበቃ፣ ከእንግዲህ ዋጋ የለውም እንደማለት። ለትርጉሙ ያጓጓል፣ ግን አይሆንም። ኦሮማይ የሚባለው ነገር ሲያልቅ ነው። የቮንጉት ሐረግ የምትደጋገመው ነገሩ ስለማያልቅ ነው።

የጦርነት ቅጥ ያጣ ነገርነት፣ አንዳንዶች ወለፈንድ የሚሉት፣ በአንድ በራድ ላይ ተቀምጧል። ኤድጋር ዴርቢ ከቢሊ ጋር የተማረከ የ44 ዓመት መምህር ነው። ከተማ ሙሉ በተቃጠለ ማግስት ከፍርስራሹ በራድ አነሣህ ተብሎ ችሎት ቀርቦ በጥይት ይደበደባል። ይህን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እናውቃለን፣ ደጋግሞ ይነግረናል፤ ምዕራፍ 10 ላይ ሲደርስ ጥቂት መስመር ብቻ ይሰጠዋል። ሕጉ ለበራዱ ሠራ፤ ለከተማዋ ችሎት አልተሰየመም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውን 135,000 የሟቾች ቁጥር እንደ ታሪክ አትጥቀሱ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራውን ያጠቃለለው የታሪክ ባለሙያዎች ኮሚሽን እስከ 25,000 ነው ያለው።

ለሚቀጥለው ክፍል ምዕራፍ 4 ላይ ቢሊ ወደ ኋላ እየሄደ የሚያየውን የጦር ፊልም አንብባችሁ ኑ። አውሮፕላኖቹ እሳቱን ሰብስበው ወደ ሆዳቸው ይመልሳሉ፣ ሴቶች ፋብሪካ ውስጥ ቦምቡን ይፈታታሉ፣ ማዕድኑም ማንንም እንዳይጎዳ መሬት ውስጥ ይቀበራል። በአማርኛ ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፤ ግሡ አልገላበጥ ያላችሁ ቦታ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።